ሜዴያና ጠበቆችዋ

ቆሮንቶስ የተባለች እንደሆነ ለቤተ ክርስቲያን ሰው አስቀድመው የሚታሰቡት የቅዱስ ጳውሎስ ሁለት መልእክታት ናቸው። ከሐዋርያው ዘመን በፊት ግን ይህች ከተማ በግሪኮች ተረት በአንዲት ሴት ምክንያት ስትነሣ ትኖር ነበር፤ ይህችውም ባልዋ ያሶን የንጉሡን ልጅ ሊያገባ ቢተዋት የገዛ ልጆችዋን አረደች የምትባለው ሜዴያ ናት።

ይህን ነገር በዓለም ያጸናው የአቴናው ባለቅኔ ኤውሪጲዴስ ነው። ቲያትሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት በታየ ጊዜ ኤውፎርዮንና ሶፎክልስ ቀድመውት ሦስተኛና መጨረሻ ወጣ፤ በዳኞቹ ላይ ግን ዘመን ፈርዶባቸዋል። ሆኖም ወሬው አንድ ብቻ አልነበረም። ከልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት ግሪክን ዞሮ የጻፈው ጳውሳንያስ በቆሮንቶስ ያለውን የልጆቹን መታሰቢያ ሲያወሳ፥ በድንጋይ ወግረው የገደሉአቸው የከተማው ሰዎች እንደሆኑ ይናገራል።

ጀርመናዊቱ ደራሲ ክሪስታ ቮልፍ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1996 ዓመት ባወጣችው ልብ ወለድ ይህን የቆየ ወሬ አንሥታ ለሜዴያ ጠበቃ ሆነች። ታሪኩን ስድስት ሰዎች እየተፈራረቁ ይናገሩታል። ከኮልኪስ የመጣችው መጻተኛ ንጉሡ ልጁን አስገድሎ ዐፅምዋን ከቤተ መንግሥቱ በታች እንደሸሸገ ታውቃለች፤ ምሥጢር ማወቅዋም ጠላት ያፈራባታል። ምድር በተናወጠችና ቸነፈር በገባ ጊዜ ሕዝቡ መከራውን ሁሉ በእርስዋ ላይ ይጭናል፤ ልክ በኦሪት ዘሌዋውያን ወደ ምድረ በዳ እንደሚሰደደው ፍየል። የመጽሐፉ ኃይል እዚህ ላይ ነው፤ የፈራ ሕዝብ በደለኛ ሲፈልግ እንዴት እንደሚያገኝ እንዲህ አድርጎ የሚያሳይ ድርሰት ጥቂት ነው።

ዳሩ ግን ጥብቅናው ከልክ አለፈ። የወንድምዋ ደም ከእርስዋ ተነሥቶ በአባትዋ ላይ ይሆናል፤ ሙሽራይቱ ራስዋ ከጉድጓድ ትገባለች፤ ልጆቹንም ሕዝቡ ይገድላቸዋል። ለሜዴያ አንድ ኃጢአት እንኳ አልተረፈላትም። የኤውሪጲዴስ ሜዴያ ግን ልጆችዋን አቅፋ ስትወላውል፥ ልትሠራው ያለችው ክፉ መሆኑን እያወቀች ቍጣዋ ምክርዋን ሲያሸንፍ ትታያለች። ወደ ሮሜ ሰዎች የተላከውን መልእክት ምዕራፍ 7 የሚያውቅ አንባቢ ይህን ትግል አይስተውም። ክፉን ለይታ የምታውቅ ሴት ንስሐም ሊጠየቅባት ይቻላል፤ ቮልፍ ስድቡን ስታነሣላት ይህችን ነፍስ አብራ ወሰደችባት።

ካናዳዊቱ ማርግሬት አትውድ በ2005 ዓመት ስለ ጴኔሎፔ በጻፈችው ትንሽ መጽሐፍ የተሻለ መንገድ ይዛለች፤ ምንም እንኳ ቀልዱ አንዳንድ ጊዜ ቢበዛ። በሆሜር ድርሰት ኦዲሴዎስ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ 12 ገረዶች ይሰቀላሉ። በአትውድ መጽሐፍ ጴኔሎፔ ከሲኦል ሆና ስትናገር፥ ሊያገቡአት ከመጡት ሰዎች ጋር ተወዳጅተው ምሥጢር እንዲያመጡላት ገረዶቹን ያዘዘቻቸው እርስዋ ራስዋ ነበረች። ነገሩን ለማንም አልገለጸችም፤ ሲሞቱም ተኝታ ነበር። አሁንም ታመካኛለች፥ ታለቅሳለችም። ገረዶቹም በዚያው በሙታን አገር አሉ፤ ልታነጋግራቸው ስትቀርብ ይሸሹአታል።