አባቱ የማያነበውን የሚያነብ ልጅ

የቪዲዮ ጨዋታ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። በየከተማው ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች በብዛት የሚዘወተረው እግር ኳስ ነው፤ በግጥሚያ እየከፈለ ለሚጫወት ወጣት ሃያና ሠላሳ ሰዓት የሚፈጅ ትረካ አይመቸውም። ይሁንና ሳንታ ሞኒካ ስቱዲዮ በ2010 ዓ.ም. ያወጣው፣ ኮሪ ባርሎግ ያዘጋጀው «ጎድ ኦፍ ዋር» እንደ ማንኛውም ድርሰት ሊሔስ የሚገባው ሥራ ነው።

ዋናው ገፀ ባሕርይ ክሬቶስ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡት ክፍሎች የሚታወቅ ደም አፍሳሽ ነው፤ የገዛ አባቱን ዜውስን ሳይቀር ገድሏል። እዚህ ግን ወደ ሰሜን አውሮፓ ተሰዶ፣ አግብቶ፣ አትሬየስ የሚባል ልጅ ወልዶ እናገኘዋለን። ታሪኩ የሚጀምረው ሚስቱ በሞተች ዕለት ነው። ኑዛዜዋ ዐመዷን ከዓለማቱ ሁሉ ከፍ ካለው ተራራ ላይ እንዲበትኑላት ነበርና አባትና ልጅ መንገድ ይጀምራሉ። አባትየው ልጁን በስሙ የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው፤ የቀድሞ ማንነቱንም ደብቆታል።

የሚገርመው ግን ይኸ ኃይለኛ አባት የአገሩን ጽሕፈት ማንበብ አለመቻሉ ነው። ልጁን ያስተማረችው እናቱ ናት። ድንጋይ ላይ ጽሑፍ ባጋጠመ ቁጥር አባትየው ቆሞ የልጁን አፍ ይጠብቃል።

ይህን ያየ የጋይንት ሰው የአገሩን ነገር ሳያስታውስ አይቀርም። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። ከእስቴም ሆነ ከስማዳ ተነሥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ የሚሄደው ልጅ ብዙውን ጊዜ የአራሽ ልጅ ነው፤ ፊደል ካልቆጠረ አባት ቤት ይወጣል። ልዩነቱ ብቻውን መሄዱ ነው። ከብት ጠብቅ፣ ሞፈር ጨብጥ የሚለውን አባቱን ፈርቶ ሌሊት የሚጠፋም ነበረ። የሚያድገው ከአባቱ ዐይን ርቆ፣ የኔታን አባት አድርጎ ነው። መሪጌታ ሆኖ ሲመለስ አባቱ ከመቀመጫው ይነሣለታል፤ እንዴት እንዳደገ ግን አላየም።

ለመሆኑ እቤት የቀረው አባት ምን ሆነ? ድርሰቶቻችን ይህን አጥብቀው ሲጠይቁ አላየሁም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የወላጆቹ ስለት የበዛብህን ዕድሜ ሁሉ ይገዛዋል፤ ትረካው የሚከተለው ግን ልጁን ነው። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ በጻፉበት መጽሐፍ እንኳ ስለ ተማሪነቱ ዘመን የሚያወራልን ያው የሄደው ልጅ ነው፤ አሁን አባት ሆኖ።

ወደ ጨዋታው እንመለስ። ጨዋታ ከልቦለድ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ እሱም የተጫዋቹ እጅ ነው። በ2010ሩ ክፍል እጃችን የያዘው አባትየውን ነው። ልጁ ለኛ አንዲት ቁልፍ ነው፤ ስንጫናት ቀስቱን ይለቃል። የአባትን አዛዥነት ከዚህ በበለጠ የሚያስረዳ ንግግር አይገኝም። በ2015 ዓ.ም. በወጣው «ራግናሮክ» ግን ጨዋታው በየመካከሉ ልጁን ራሱን ያስይዘናል፤ አባቱ በሌለበት ይሄዳል፣ ይሳሳታል፣ ይዋሻል። ቁልፍ የነበረው ሰው ሆነ።

እንከን አለው። በመጀመሪያው ክፍል ልጁ አምላክ መሆኑን ሲሰማ የሚያሳየው ትዕቢት እንደ ክረምት ጎርፍ መጥቶ ወዲያው ይጎድላል፤ ደራሲዎቹ የቸኮሉ ይመስላል። ከዚህ የሚከፋው የእናትየው ነገር ነው። መንገዱን ሁሉ አስቀድማ ያወቀች እሷ መሆኗን በመጨረሻ ከግድግዳ ሥዕል እንረዳለን፤ ይህን ያህል ብልህ ሴት ግን በዚያ ክፍል በሙሉ ከረጢት ውስጥ ያለች ዐመድ ናት። ሁለት ወንዶች እንዲነጋገሩ እሷ መሞት ነበረባት?

በ«ራግናሮክ» ፍጻሜ ልጁ የተረፉትን የእናቱን ዘመዶች ፍለጋ አባቱን ተሰናብቶ ይሄዳል። የጋይንቱ ልጅ ታሪክ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ጨዋታው ማለቁ ነው። አባቱ ግን እዚህ ማንነቱን ነግሮታል፣ መርቆም ሸኝቶታል። ልጁ ከዐይን ከራቀ በኋላ ካሜራው አይከተለውም፤ ከአባትየው ጋር ይቀራል። አባትየው በተሳለው ሰሌዳ ጀርባ የራሱን ምስል ያያል፤ ሰዎች የሚያከብሩት እንጂ የሚፈሩት አልነበረም። ያን ጊዜ ያለቅሳል።