አጃቢው ሲዳኝ፦ ዋልያስ፣ አይቤክስና ሮሃ በገዛ አልበሞቻቸው ፊት

አንድ ባንድ ስለ ገዛ አልበሙ የሚሰጠው ፍርድ ከአድማጩ ፍርድ ጋር የሚገጥመው አልፎ አልፎ ነው። ሙዚቀኛው የራሱን ሥራ ሲሰማ ጆሮው ቀድሞ የሚያርፈው በሳተው ምት፣ በጥድፊያ ባለቀው ቀረጻ፣ ያን ቀን አልታዘዝ ባለው ማጉያ ላይ ነው። አድማጩ ግን አልበሙን የሚሰማው ከነዕድሜው፣ ከነሰፈሩ፣ አብሮት ያዳምጥ ከነበረው ሰው ጋር ነው። የእንግሊዙ ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው «ሌት ኢት ቢ» በሮክ ሙዚቃ ታሪክ የታወቀው ምሳሌ ነው። የባንዱ አባል ፖል ማካርትኒ በአልበሙ አንዳንድ ዘፈኖች ላይ የተጨመረውን የአውታር መሣሪያና የመዘምራን ድምፅ ሳይወደው ኖሮ፣ በ2003 አልበሙ ያ ሁሉ ተገፍፎለት እንደገና ወጣ፤ ልባቸው ከመጀመሪያው ጋር የቀረ አድማጮች ግን ጥቂት አይደሉም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ይኸው ሙግት ሌላ መልክ አለው፤ አልበሙ የባንዱ ሆኖ አያውቅም ማለት ይቻላልና። በ1980ዎቹ የወጣ አንድ ካሴት አንሥቶ ማየት ይበቃል። የወረቀት ሽፋኑን የሞላው የድምፃዊው ፎቶግራፍ ነው፤ ስሙ በደማቁ ተጽፏል፤ የሙዚቃ ቤቱም ስም ደህና ቦታ ተሰጥቶታል። የታጠፈው ወረቀት ሲዘረጋ፣ ከዘፈኖቹ ዝርዝር ግርጌ፣ የባንዱን ስም የያዘ አንድ ቀጭን መስመር ይገኛል። ቤዙን የመታው ማን ነው፣ ሳክስፎኑን የነፋው ማን ነው፣ ቅንብሩስ የማን ነው የሚለው ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። ባንዱ «አጃቢ» ነው። አጃቢ ደግሞ፣ እንደ ሠርግ አጃቢ ሁሉ፣ ስለ ሙሽራው እንጂ ስለ ራሱ አይጠየቅም።

ሽፋኑ ዝም ያለውን ጆሮ ሲናገር የኖረው በየሰፈሩ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ገመድ አልባው የሬዲዮ መገናኛ በሕዝብ አፍ ከተጠራበት አነጋገር ነው፤ የሙዚቃው ክርክርም በሳሪስ፣ በጎተራ፣ በላፍቶና በለቡ የሚተላለፈው በዚሁ ዓይነት መንገድ፣ ያለ ገመድ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ከሳሪስ ወደ ጎተራ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ፍላሹን ይሰካል። ድምፃዊው ገና አፉን ሳይከፍት፣ ከኋላ ወንበር አንድ ትልቅ ሰው «ይቺ የጆቫኒ ቤዝ ናት» ይላሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኤፍሬም ዘፈን ነው» ሲላቸው፣ «ዘፈኑ የኤፍሬም ነው፤ ቤዙ የጆቫኒ ነው» ብለው ይመልሱለታል። እንዲህ ያለው ንግግር የተለመደ ስለሆነ ሂስ መሆኑ አይታወቅም እንጂ፣ ሙያዊ ሂስ ነው። ኤፍሬም ታምሩን ሲሰማ ያደገ ሰው የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን በጣቱ አመታት ለይቶ ሲጠራ፣ አልበሙን ለሁለት ባለቤቶች ማካፈሉ ነው።

ከአጃቢነት ወጥቶ በስሙ የቆመ አልበም ካስቀሩት ጥቂቶች አንዱ ዋልያስ ባንድ ነው። ባንዱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሰባሰበው በቬነስ ክለብ ይጫወቱ ከነበሩ ሙዚቀኞች ነው። በዚያ ዘመን መሣሪያው የክለቡ ባለቤት ንብረት፣ ሙዚቀኛውም ቅጥረኛ ነበር፤ ዋልያሶች ግን የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ሠሩ። በ1977 የወጣው «ቼ በለው» ድምፃዊ የለበትም። ኃይሉ መርጊያ በኪቦርድ፣ ግርማ በየነ በፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎንና በዋሽንት፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላከ ገብሬ በቤዝ፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ ተማረ ሀረጉ በድራም ተሰልፈውበታል፤ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተጋብዘዋል። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» ከዚህ አልበም ተነሥቶ ባሕር ተሻግሯል፤ በ1998 የኒውዮርኩ ዳክታሪስ ቡድን ተጫውቶታል።

የአልበሙን ጠባይ ለመረዳት ሥራው የተሠራበትን ሌሊት ማሰብ ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበረ፣ በክለብ የተገኘ ሰው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም፤ እስኪነጋ እዚያው ይቆያል። ባንዱም አብሮ ያነጋል። ለሰዓታት ያለ ማቋረጥ የሚጫወት ቡድን ጉልበቱን በአንድ ዘፈን አያፈስም፤ ምቱን ያረጋጋል፣ ቤዙና ድራሙ ተደጋግፈው እንዲዘልቁ ያደርጋል፣ ሳክስፎኑ ወጥቶ ሲመለስ ቦታውን ይጠብቅለታል። «ቼ በለው» ላይ የሚሰማው አለመቸኮል ከዚህ የሥራ ልማድ የመጣ ይመስላል። ዛሬ በለንደን ወይም በኒውዮርክ ሸክላውን የሚገዛ አድማጭ ይህን እርጋታ እንደ ውበት ፍልስፍና ይወስደዋል። በአዲስ አበባ ያደገው አድማጭ በበኩሉ ለረጅም ጊዜ በመሣሪያ ብቻ የተሠራን ዜማ የሚያውቀው በሬዲዮ ዝግጅቶች መካከል ክፍተት ሲሞላ ነው፤ ስለዚህ «ዘፋኙስ?» ብሎ ይጠይቃል። ሙዚቀኛው የሚያስታውሰው የሌሊት ሥራውን ነው። አንዱ አልበም ሦስት ዓይነት ነገር ሆኖ ተመዘነ ማለት ነው፤ ከሦስቱ ለሂስ ይበልጥ የሚጠቅመው የሙዚቀኛው ነው፤ እሱ ብቻ ድምፁ እንዴት እንደተሠራ ያስረዳልና።

የኃይሉ መርጊያ አካሄድ የሠሪን ፍርድ በቃል ሳይሆን በተግባር ለማንበብ የተመቸ ነው። በ1978 ከገዛ ባንዳቸው ወጣ ብለው፣ በግዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በካሴት አወጡ። ይህ በራሱ ትችት ነው፤ አንድ ሙዚቀኛ የሚፈልገውን ሁሉ ከገዛ ቡድኑ ቢያገኝ ሌላ ቡድን ፍለጋ አይሄድም። የዳህላክ ድምፅ ከዋልያስ ይልቅ ልቅ ያለ፣ ከጭፈራ ጋር የተቀራረበ ነው። የዋልያስን ጥራት የሚያስቀድሙ አድማጮችና የዳህላክን ሙቀት የሚመርጡ አድማጮች የሚከራከሩት፣ ሳያውቁት፣ በአንድ ሰው ሁለት ፍላጎቶች ላይ ነው።

በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ የተቀሩት ተመለሱ። ኃይሉ በ1985 በዋሽንግተን ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮንን ከሮድስ፣ ከሙግና ከያማሃ ኪቦርዶች፣ ከድራም ማሽንም ጋር ደራርበው አንድ ካሴት ሠሩ። አኮርዲዮን በኢትዮጵያ ቀደም ያለ ትውልድ የሚወደው መሣሪያ ነበር፤ ከኤሌክትሪክ ኪቦርድ መምጣት በኋላ ግን ገሸሽ ተደርጎ ነበር። ካሴቱ ያንን ድምፅ ከጡረታ መለሰው። ከዚያ በኋላ ሙዚቀኛው መድረክ ርቀው በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዱ ኖሩ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስም ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ብራያን ሽምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ ያንኑ ካሴት በባሕር ዳር ከተማ አግኝቶ በ2013 በሸክላ ዳግም ሲያወጣው፣ ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ፤ «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ።

እዚህ ላይ ሠሪው በገዛ ሥራው ላይ ሁለተኛ ዕድል አገኘ። በ2018 የወጣው «ላላ በሉ» የሚከፈተው በ«ትዝታ» ነው፤ በውስጡም «አንቺሆዬ ለኔ» አለ። አብረዋቸው ያሉት ቤዝና ድራም ብቻ ናቸው። የዋልያስ ነፋሽ መሣሪያዎች፣ አድማጭ የናፈቃቸው ያ ሁሉ ትራምፔትና ሳክስፎን፣ የሉም። በ2020 የቀጠለው አልበም ስሙ «የኔ ምርጫ» ነው፤ በምርጫውም ውስጥ የቴዲ አፍሮ «ሸመንደፈር» ገብቷል። የድሮውን ዋልያስ እንዲመለስ የሚሹ አድማጮች በዚህ ቅር ቢሰኙ አያስደንቅም። የሙዚቀኛው ምርጫ ግን ግልጽ ነው፤ የ1970ዎቹን ድምፅ እንደ ቅርስ ከማቆየት ይልቅ፣ ቅኝቱን ይዞ በአዲስ ዜማም በጥቂት መሣሪያም መጓዝን መርጠዋል። ይህ ምርጫ ትክክል ነው። «ቼ በለው» በተወለደበት ጊዜ የወቅቱ ሙዚቃ ነበር፤ ለወቅቱ ታማኝ ሆኖ መቀጠልም የዚያው አልበም ውርስ ነው።

የአይቤክስና የሮሃ ታሪክ ከዚህ ይለያል። አይቤክስ በራስ ሆቴል የሚጫወት ባንድ ነበር፤ ድምፃዊው ማህሙድ አህመድ በ1975 በካይፋ ሪከርድስ ያሳተሙት «እረ መላ መላ» በዚሁ ባንድ የታጀበ ነው። አልበሙ በ1986 በቤልጅግ ዳግም ሲታተም ለብዙ አውሮፓውያን የኢትዮጵያ ሙዚቃ መግቢያ በር ሆነ፤ ስሙ የገነነው ግን የድምፃዊው ነው። በ1980ዎቹ የአይቤክስ ዋና ሰዎች በሮሃ ስም ቀጥለው፣ የዘመኑን ስመ ጥር ድምፃውያን እያጀቡ፣ ከ200 በላይ አልበም እንደሠሩ ይነገርላቸዋል። የባንዱ ሊድ ጊታር ተጫዋች ሰላም ሥዩም ወልደማርያም የታሪክ ምሁርም ናቸው። በ1988 ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የመመረቂያ ጥናት የዘመናዊ ሙዚቃን አጀማመርና ዕድገት ከ1896 እስከ 1974 ይዳስሳል። 1974 የዘውዳዊው ሥርዓት ፍጻሜ ስለሆነ ገደቡ ከታሪክ ጥናት አንጻር የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ውጤቱ ልብ ይነካል፤ ለዳኝነት ከማንም የተሻለ ዕውቀት የነበራቸው ሰው የጻፉት ታሪክ፣ ዋነኛ አልበሞቻቸው ሊሠሩ ሲሉ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ከዚያ ደጃፍ ወዲህ ያለውን ዘመን በውጭ የዳኙት ሌሎች ናቸው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በቡዳ ሙዚቅ ያሳተመው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ያደረገው ውለታ ትልቅ ነው፤ አምሃ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ያሳተሟቸውን ሸክላዎች ከመጥፋት አድኗል። ግን አብሮት አንድ ልማድ ተከለ፤ «ወርቃማው ዘመን» የሸክላው ዘመን ሆነ፣ የካሴቱ ዘመን ደግሞ የውድቀት ተደርጎ ታየ። ነፋስ ስልክ ውስጥ ለሚኖር የሃምሳ ዓመት ሰው ይህ ፍርድ አይዋጥም። እሱ በሮሃ ካሴት አፍቅሯል፣ በሮሃ ካሴት ተድሯል፤ ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ አጥብቆ፣ ሲበጠስ በፕላስተር ቀጥሎ አዳምጧል። ሲንተሳይዘሩና ተደጋግሞ የተቀዳው ክር ድምፁን ማሳሳታቸው እውነት ነው። የቅንብሩ ብስለት ግን ከቀረጻው ጥራት ጋር መምታታት የለበትም፤ የሮሃ ቤዝ፣ ጊታርና ነፋሽ መሣሪያ አንዱ ለሌላው ቦታ እየለቀቀ የሚሄድበት ጥንቃቄ በብዙ ሸክላዎች ላይ አይገኝም። አይቤክስ በ1976 በራስ ሆቴል በመሣሪያ ብቻ የቀረጸው አልበም በቅርቡ ዳግም መውጣቱ ለዚህ ክርክር አዲስ ማስረጃ ነው። ድምፃዊው ሲነሣ አጃቢው ምን ያህል ሙሉ እንደነበረ ይሰማል።

ሙላቱ አስታጥቄና ግርማ በየነም በስተርጅና ወደ ገዛ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ አመላለሳቸው ግን አንድ አይደለም። ግርማ በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር ባወጡት አልበም የወጣትነት ዘፈኖቻቸውን በሸመገለ ድምፅ፣ የቀድሞውን ቅንብር ብዙ ሳያናውጡ አቅርበዋል። ሙላቱ በ2025 «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» ላይ የታወቁ ድርሰቶቻቸውን ፈትተው ሲሠሩ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮን ከጃዝ ባንዱ ጋር ጎን ለጎን አሰልፈዋል። የመጀመሪያዎቹን የኒውዮርክ አልበሞች ለሚያውቅ ሰው ይህ ግልጽ እርማት ነው። በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል» በሚል የወጡት ሁለት አልበሞች የላቲን ምት ይበዛባቸው ነበር፤ የ2025ቱ ሙላቱ ያኔ ለአልበሞቹ የጎደላቸውን በአገር መሣሪያ ሞልተዋል። የድሮውን ቅጂ የሚወዱ አድማጮች ያው ዜማ ረዘመብን ሊሉ ይችላሉ። የመሣሪያዎቹ እኩል መሰለፍ ግን የጌጥ ጉዳይ ሳይሆን የድርሰቱ አካል ነው።

በስሙ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ ወደዚህ ሙግት የገባው በጃኖ ባንድ ነው። በአዲስ ገሠሠ አስተባባሪነት የተቋቋመው ጃኖ፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ ያደረገውን «ኤርታሌ»ን በ2012 አወጣ፤ ሁለተኛው «ለራስህ ነው» በ2018 ተከተለ። አራት ድምፃውያን እየተቀባበሉ በዘፈኑበት በዚህ ባንድ ሽፋኑን የሚሞላ ነጠላ ፊት የለም፤ የአልበሙ ባለቤት ባንዱ ነው። ስለዚህ የላፍቶና የጀሞ ወጣቶች ስለ ጃኖ ሲከራከሩ አልበሙ የማን ነው የሚለውን የአባቶቻቸውን ጥያቄ አይጠይቁም። የሚጠይቁት የተንጫረረው ጊታር ለቅኝቱ ተገዝቷል ወይስ ቅኝቱ ለጊታሩ፣ የመጀመሪያው አልበም ድምፅ የባንዱ ነው ወይስ የፕሮዲዩሰሩ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ለምን ለሰለሰ የሚለውን ነው። እነዚህ ጥያቄዎች ለሮሃ ቢቀርቡ ኖሮ መልስ የሚሰጥባቸው ሰው በካሴቱ ሽፋን ላይ አይገኝም ነበር፤ ለጃኖ ሲቀርቡ ግን ተጠያቂው በስሙ የታወቀ ነው፣ በሚቀጥለው አልበሙም ሊመልስ ይችላል።