ያገለገለው ቲንክፓድ
መገናኛ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች አንዱ ውስጥ ገብቶ «ስላይት ዩዝድ» ላለ ሰው ሻጩ ብዙ ዓይነት ይደረድርለታል። የኔ ዓይን የሚያርፈው ጥቁሩ ቲንክፓድ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 አይቢኤም የጀመረው፣ በ2005 ሌኖቮ የተረከበው። በተለይ የ2018ቱ ቲ480። የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ዓመት ሠርተውበት በጅምላ ይለቁታል፤ የሚያድሰው ባለሙያ ከፍቶ አቧራውን ያራግፋል፣ የፕሮሰሰሩን ፔስት ይቀይራል፣ ራም ይጨምርበታል። የኪቦርዱ ቁልፎች ወዝ ቢያወጡም ለጣት ይመቻሉ። በጂ፣ በኤች እና በቢ መሃል ያለችው ቀይ ነጥብማ ማውስ ታስረሳለች።

ከሁሉ የምወድለት ግን ባትሪውን ነው። ሁለት አለው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከኋላ። መብራት ሄዶ የኋላው ሲያልቅ፣ የውስጡ ቻርጅ ካለው፣ ማሽኑን ሳያጠፉ ነቅሎ ሌላ መሰካት ይቻላል። ለኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው!

ሒሳብ ከመክፈል በፊት ታዲያ የዊንዶውስን «ባትሪ ሪፖርት» አስከፍቶ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅም አሁን ከሚይዘው ጋር ማስተያየት ነው፤ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም።