ማን ሣቀ? በማንስ ተሣቀ? ስለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጭውውት

ስለ ቀድሞው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጭውውት የሚነገረው ትዝታ ብዙ ነው፤ ትችቱ ግን ጥቂት ነው። ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው የተጫዋቹን ስም ጠርቶ፣ ድምፁን አስመስሎ፣ «እንዲያ ያለ ቀልድ ዛሬ የለም» ብሎ ነገሩን ይደመድመዋል። ይህ ጽሑፍ ያን ፍቅር ለመንቀፍ የተነሣ አይደለም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የወደድነው ሣቅ ከምን ተሠራ፣ በማንስ ላይ ወደቀ የሚለው ነው። ለጥያቄውም ከአዲስ አበባ ሰሜን ያለውን ጉለሌን መመርመሪያ አድርገናል።

ጉለሌ መባሉ ከቱለማ ኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። በሽሮ ሜዳ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ሰፍረዋል፤ በቀጨኔ ሸክላ ሠሪው ከሸማኔው ጋር ጎረቤት ነው፤ ከእንጦጦ ጫካም ሴቶች ማገዶ ተሸክመው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። እንግዲህ አማርኛ በዚህ ሰፈር የሚነገረው ባንድ ዓይነት አነጋገር አይደለም። ሸማኔ እጁና እግሩ በሥራ ቢያዝም ጆሮው ነጻ ነውና ሬዲዮ ለእርሱ የተመቸ የሥራ ጓደኛ ነው። ቴሌቪዥንም በጥቂት ቤት ብቻ በነበረበት ጊዜ የጎረቤት ልጆች የሚሰበሰቡበት ነበረ። ስለዚህ ጭውውቱን በአንድነት የሰሙት ሰዎች አፋቸውን የፈቱት በየራሳቸው ቋንቋ ነበር ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ተስፋዬ ሣህሉ፣ የሴት ተዋናይ ባልተለመደበት ጊዜ በቴያትር የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ የነበሩት ሰው፣ የልጆችን ጊዜ ይዘው «አባባ ተስፋዬ» በመባል 40 ዓመት ያህል ተረት ነገሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ ለአዋቂዎች የሚቀልዱ ተነሡ። ተስፋዬ ካሣ ብቻውን ቆሞ ይቀልድ ነበር፤ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ግን ሁለት ሁለት ሆነው ይጫወቱ ነበር። አለባቸው በኋላ «አለቤ ሾው» የተባለውን ዝግጅት ሲያቀርብ ቆይቶ በ1997 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞተ። የግል የሬዲዮ ጣቢያ በአዲስ አበባ አየር ላይ የዋለው እነ ሸገር ኤፍ ኤም በ2000 ዓ.ም. ሲጀምሩ ነው። ከዚያ በፊት ምርጫው እጅግ ጥቂት ስለ ነበር የበዓል ማታ ጭውውት ለከተማው ሁሉ አንድ ነበር። በማግሥቱ በየደጁ የሚደገመውም ያው ነበር። የትዝታው ብርታት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ምክንያት የቅርጹ ጥንታዊነት ነው። አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየመለሰ የሚሄደው ጭውውት ለአገራችን ጆሮ እንግዳ አይደለም። በዛፍ ጥላ ሥር በሚዋለው ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በንግግር ሲረታቱ መንገደኛው ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ጭውውትም የዚሁ ሙግት ልጅ ነው ብል አልሳሳትም፤ ልዩነቱ ዳኛው ተመልካቹ፣ ፍርዱም ሣቅ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው የድምፅ ነገር ነው። ፊደላችን የቃልን መጥበቅና መላላት አይለይም። «ገና ነው» የሚለው ጽሑፍ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው ያሰኛል፤ «ሰፊ» የሚለውም ሲላላ ልብስ የሚሰፋውን ሰው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነውን ነገር ያመለክታል። በእንዲህ ያለ ቃል የተሠራ ቀልድ በወረቀት ላይ ዝም ይላል፤ በሬዲዮ ግን ይናገራል። ከዚህም የተነሣ ብዙው ጭውውት ከድምፁ ተለይቶ ሊተርፍ አይችልም።

ነገር ግን ድምፅ የሚሸከመው ይህን ብቻ አይደለም፤ የሰውን አነጋገርም ይሸከማል። ባላገሩ፣ ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ የጋሞው ሸማኔ አማርኛ ሲናገር የሚያሰማው ቃና የቀልደኞች የዘወትር ስንቅ ነበር። በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት ቀልድ መለየት ይገባል። በአንደኛው ባላገሩ በገዛ ቃናው እየተናገረ ከተሜውን በነገር ይረታዋል፤ ሣቁም በትዕቢተኛው ላይ ይወድቃል። በሁለተኛው ግን ሰውዬው የተናገረው ምንም አስቂኝ ነገር የለም፤ የሚያስቀው አፉ ብቻ ነው። መለያው ቀላል ነው። በ«ገና» ላይ የተሠራው ቀልድ በወረቀት ላይ ቢሞትም የመጥበቂያ ምልክት ቢደረግለት ይነሣል። የሁለተኛው ዓይነት ቀልድ ግን ቃናው ሲነሣለት ከንቀት በቀር የሚቀረው የለም። የተረት ሣቅም ለንጽጽር ይረዳል፤ በአያ ጅቦ ሞኝነት የሚቀየም ጎረቤት የለምና።

«እነርሱም እኮ አብረውን ይሥቁ ነበር» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። መሣቃቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሣቅ ሁሉ ፈቃድ አይደለም። በሰው ቤት ቴሌቪዥን የሚያይ የሸማኔ ልጅ የአባቱ አነጋገር ሲቀለድበት ሳይሥቅ ቢቀር ራሱን ከጎረቤት መለየቱ ነው። የእጅ ሥራ ይናቅ በነበረበት አገር፣ ሸክላ ሠሪም በቡዳነት ይታማ በነበረበት አገር፣ የዚያ ሣቅ ዋጋ ቀላል አልነበረም። እንግዲህ «ያን ጊዜ ሣቁ ንጹሕ ነበር» የሚለው ትዝታ እኩሌታውን ብቻ ያስታውሳል። ደግሞም ያ ልጅ ለብቻው በሚሆንበት ጊዜ ያንኑ ጭውውት ወድዶ ይደግመው እንደ ነበር መካድ አይገባም፤ ፍቅርና ቅሬታ ባንድ ልብ ይኖራሉ። ተቺው ከሁለቱ አንዱን ሊሰርዝ አይገባውም።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የሚቀረው ሥራ ግልጽ ነው። አለቃ ገብረ ሐና ካለፉ በኋላ የማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ በስማቸው እንደ ተነገረ እናውቃለን፤ የትኛው የእርሳቸው፣ የትኛው የሕዝቡ እንደ ሆነ ዛሬ መለየት ያስቸግራል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ቀልደኞችም ነገር ወደዚያው እንዳያመራ ያሰጋል። የተቀዳበት ክር በዕድሜ ይበላሻል፤ የሰሙትም ያረጃሉ። ክሩ ሲሰበሰብ ቃሉ ብቻ ሳይሆን መጥበቁና መላላቱ፣ ቃናውም ይጻፍ። ከዚያም አልፎ በሽሮ ሜዳና በቀጨኔ ያሉ አረጋውያን የትኛው ጭውውት እንዳስደሰታቸው፣ የትኛውም እንዳሳፈራቸው ይጠየቁ። የተጫዋቾቹ ክብር በዚህ አይቀንስም፤ ከሠሩት ውስጥ ሁሉም ያለ እፍረት የሚሥቅበት የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።