ከፒያኖው በስተጀርባ

ተመልካች ወደ መድረክ በቀረበ መጠን የሚያገኘው ይበዛል ብሎ ማመን የተለመደ ነው። ለቴአትር ጸሐፊ ግን ይህ እምነት ያጠራጥረዋል። ከፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው የተዋናዩን ላብና የልብሱን ስፌት ያያል እንጂ ትርኢቱን በምልዓት አያይም። ይህን እያወቅሁ፣ በኦክቶበር 2022 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቦብ ዲላን ለንደን በሚገኘው በፓላዲየም ቴአትር ቤት ካቀረባቸው አራት ምሽቶች ለአንዱ የፊት ረድፍ ትኬት ሲገጥመኝ ለአፍታም አላመነታሁም። ከተማሪነት ዘመኔ ጀምሮ በካሴት የማውቀው ድምፅ ከሰው አፍ ሲወጣ ለማየት ጓጉቼ ነበር።

መጋረጃው ሲነሣ ያየሁት ፒያኖ ነው። ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ የቆመ ትንሽ ፒያኖ፣ ከበላዩም የ81 ዓመት ሽማግሌ ራስና ትከሻ። ጣቶቹን ለማየት የመጣሁት ሰው እንጨት ፊት ተቀመጥሁ። ፎቅ ላይ ያሉት ከእኔ የተሻለ ሳያዩ አልቀሩም። ስልኮቻችን በር ላይ በሚቆለፍ ከረጢት ገብተው ስለነበር ፎቶግራፍ የሚያነሣ አልነበረም። ይህን ሥርዓት በበኩሌ ወድጄዋለሁ፤ ለአንድ ምሽት እንኳ ዐይን በዐይንነቱ አገለገለ።

ይሁን እንጂ ከዚያ ወንበር አንድ ነገር በግልጽ ይታያል፤ አፉ። ዲላን ስንኙን ከሙዚቃው እኩል አይጀምረውም። ይዘገያል፤ አጃቢዎቹ ቀድመው ሲሄዱ ቃሉን በአፉ ይዞ ይቆያል፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ደራርቦ ይለቀውና ከቤት መምቻው ላይ ይደርስባቸዋል። በካሴት የሰማው ሰው ይህን የእርጅና ስሕተት ይለዋል። ከ1989 ጀምሮ ቤዝ ጊታር የሚጫወትለትን የቶኒ ጋርኒየርን ዐይን ያየ ግን እንደዚያ አይልም፤ ሰውዬው የዘፋኙን ከንፈር እንደሚጠብቅ አዳኝ ቆሟል፤ ቃሉ የት እንደሚወድቅ እርሱም አስቀድሞ አያውቅም። ዲላን በ2016 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ባገኘ ጊዜ የዘፈን ግጥም ሥነ ጽሑፍ ነው፣ አይደለም የሚል ሙግት ተነሥቶ ነበር። ተሟጋቾቹ የያዙት የታተመውን ገጽ ነበር። እኔ ያየሁት መዘግየት ግን በየትኛውም ገጽ ላይ የለም።

ታዳሚው ምን ፈልጎ መጣ? በስተቀኜ የተቀመጠው ሰው ዘፈን በተጀመረ ቁጥር አብሮ ለማዜም አፉን ይከፍታል፤ ዜማው ከሚያውቀው መንገድ ሲወጣበት መልሶ ይዘጋል። «ብሎዊን ኢን ዘ ዊንድ» አልተዘፈነም፤ «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን»ም እንዲሁ። የምሽቱ አብዛኛው ክፍል በ2020 የወጣው «ራፍ ኤንድ ራውዲ ዌይስ» ነበር። ቅሬታው ግን አዲስ አይደለም። በሜይ 1966 ማንችስተር ውስጥ ከታዳሚው አንዱ «ይሁዳ!» ብሎ የጮኸበት የኤሌክትሪክ ጊታር ስላነሣ ነበር። ዛሬ ደግሞ ያ የተወገዘው የኤሌክትሪክ ድምፅ ሳይለወጥ እንዲመለስ የሚጠበቅ ቅርስ ሆኗል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ የሚደግም ባለቅኔ በእኛ ዘንድ አይከበርም፤ ዲላን ግን ቃሉን ትቶ ዜማውን ስለሚያድስ ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አያስኬድም።

ሁሉም ተሳክቶለታል ማለቴ አይደለም። «አይል ቢ ዩር ቤቢ ቱናይት» የተባለው የ1967 ዘፈን ለስላሳነቱ ነበር ጌጡ፤ በመካከል ወደ ፈጣን ምት ሲገለበጥ ከጌጡ የተረፈ አላገኘሁም። «ጋታ ሰርቭ ሰምባዲ» ግን በዚያው ዘዴ ነፍስ ዘራ። ለመለወጥ የደፈረ ከያኒ ኪሳራውንም በአደባባይ ይከስራል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ግጥም ለማንበብ መድረክ ላይ በወጣሁ ቁጥር ታዳሚው የሚጠይቀኝ በተማሪነቴ የጻፍሁትን አንድ ግጥም ነው። ሁልጊዜም አነብላቸዋለሁ። ዕረፍቱ እዚያው፣ እጄን የማነሣው እዚያው ነው፤ ድምፄ «የሚሰበርበት» ስንኝ እንኳ የታወቀ ነው። ከሃያ ዓመት ወዲህ ያን ግጥም አንድም ቀን በትክክል አላነበብሁትም ማለት ይቻላል፤ ያነበብሁት ጭብጨባውን ነው። የጎረቤቴ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ባየሁ ቁጥር ያፈርሁት በእርሱ አይደለም።

የመጨረሻው ዘፈን የ1981ዱ «ኤቭሪ ግሬን ኦፍ ሳንድ» ነበር። ሃርሞኒካውን አንሥቶ በአጫጭር ትንፋሽ ነፋው። ከዚያም ከፒያኖው ጀርባ ወጥቶ ከአጃቢዎቹ ጋር ቆመ፤ እጆቹን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ሥራቸውን ጨርሰው ነበር። መብራቱ ጠፋ፤ ተጨማሪ ዘፈንም አልነበረም።

በር ላይ ስልኮቻችንን ለማስከፈት ተሰልፈን ሳለ ያ ጎረቤቴ ሁለተኛው ዘፈን የትኛው አዲስ ዘፈን እንደ ነበር ጠየቀኝ። «ሞስት ላይክሊ ዩ ጎ ዩር ዌይ» ነው፣ የ1966 ነው አልሁት። አላመነኝም።