አድማስ የሌለው ንድፍ፦ ረቂቅ ሥዕልና የተመልካች ድርሻ በካፋ የሥዕል ክፍሎች

ረቂቅ ሥዕል በትምህርት ቤቶቻችን ሁለት ዓይነት በደል ይደርስበታል። አንደኛው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ የሚያልፍ መምህር የሚያደርሰው ነው። ሁለተኛው ይብሳል፤ «አብስትራክት ነው» እየተባለ ያልተለፋበት ሁሉ ሲታለፍ። ሁለቱም ወረቀቱን ሳያዩ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው፤ ምንጫቸውም አንድ ነው፦ ረቂቅነት ከሚታየው ዓለም መሸሽ ነው የሚል እምነት። የካፋዋን ከተማ ቦንጋንና አካባቢዋን ለሚያውቅ ሰው ይህ እምነት መቆሚያ የለውም። በካፋ ደን ውስጥ ተቀምጦ የሚነድፍ ተማሪ ያየውን በታማኝነት ካሰፈረ፣ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ረቂቅ ሥዕል ነው።

ምክንያቱ አድማስ ነው። ሥዕል የተማረ ሁሉ የሚያስታውሰው የፐርስፔክቲቭ ትምህርት አለ፤ መንገዱ ከግርጌ ሰፍቶ ይጀምርና እየጠበበ ሄዶ አድማሱ ላይ ነጥብ ይሆናል፣ የስልክ እንጨቶቹም ግራና ቀኝ እያነሱ ይከተሉታል። ለሜዳ አገር ደግ ትምህርት ነው። በካፋ ማንኪራ ጫካ ለገባ ተማሪ ግን መንገዱም አድማሱም የሉም። ከእግሩ ሥር ኮረሪማ፣ በቁመቱ ልክ የጫካ ቡና፣ ግንዱን ተጠምጥሞ የሚወጣ ጥምዝና ሐረግ፣ ከሁሉ በላይ ዋንዛና ቀረሮ አለ። ዓይን ጥቂት እርምጃ ርቆ ይቆማል። የሩቁ ግንድ ከቅርቡ ቅጠል ኋላ ይሰበራል፤ የትኛው ቅርንጫፍ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበውን የካፋን ደን አንድ በአንድ ዛፍ እየቆጠረ ሊነድፍ የሚነሣ ተማሪ፣ ያየውን ትቶ የሚያውቀውን ይነድፋል። ቀጥ ያለ ግንድ፣ አናቱ ላይ ክብ ቅጠል፤ ቀጥሎ ሌላ ግንድ። መምህሩም «ጎበዝ» ይለዋል።

መውጫው ክፍተቱን መንደፍ ነው። ይህን ዘዴ አብዝቼ የምወደው መሆኑን አልደብቅም። ተማሪው ወረቀቱን በሙሉ በከሰል ያጠቁራል፤ ከዚያ ከሰሉን አስቀምጦ ላጲስ ይይዛል። ግንዱን አይነካም፤ በግንድና በግንድ መካከል የሚታየውን የብርሃን ቁራጭ ብቻ እየጠረገ ያወጣል። ቁራጩ ስም የለውም። ቅጠል አይደለም፣ ሰማይም አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን የመሰለ፣ አንድ ጎኑ የተቦጨቀ ቅርጽ ነው። ስም ስለሌለውም ተማሪው ከትዝታው አምጥቶ ሊተካው አይችልም፤ ቀና ብሎ ማየት ግዴታው ይሆናል። ከሰል ደግሞ ተጠርጎ አያልቅም፤ የካፋ ዝናብ ባለሰለሰው ወረቀት ላይ ሲሆን ግራጫ ጥላው ይቀራል። በዚያ ግራጫ ላይ እንደገና ሲጠቁር፣ እንደገና ሲጠረግ፣ የመጀመሪያው ስሕተት ከሁለተኛው እርማት ሥር እየታየ ጥልቀት ይሠራል። ያለ መንገድ፣ ያለ ነጥብ፣ ያለ አድማስ የመጣ ጥልቀት ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ በትልልቅ ሸራዎቿ ላይ ስትደርብና ስትፍቅ የምታገኘው ግራጫ ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራዎቿን በገብረክርስቶስ ደስታ ማዕከል ስታሳይ የታየው ይኸው ነው፤ ከሩቅ ጭጋግ፣ ሲቀርቡት የመስመር መንጋ።

የተመልካች ተሳትፎ ጥያቄ የሚገባውም እዚህ ጋ ነው። ፐርስፔክቲቭ ተመልካችን ያዝዛል፤ «እዚህ ቁም፣ በዚህ ቁመት እይ» ይለዋል። አድማሱ ሲነሣ ትእዛዙም ይነሣል። ስለዚህ ረቂቅነትና ተሳትፎ በሥራ ዕቅድ ላይ ጎን ለጎን የሚጻፉ ሁለት ሙከራዎች አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ይወልዳል። ከደኑ የመጣ ረጅም ጥቅል ንድፍ በክፍሉ ግድግዳ ዙሪያ ሲዘረጋ፣ የት እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚቀርብ፣ የቱን ክፍተት ከየቱ ጋር እንደሚያያይዝ የሚወስነው የሚራመደው ሰው ነው።

በተማሪ ዐውደ ርእዮች ተሳትፎ ተብሎ የሚወደሰው ግን ብዙ ጊዜ ይህ አይደለም። ትልቅ ወረቀት ይሰቀላል፣ ማርከር ይንጠለጠላል፣ «የተሰማዎትን ያስፍሩ» ይባላል። ሲመሽ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም፣ ልብና የስልክ ቁጥር ነው። የተማሪው ሥራ ከሥር ተቀብሯል፤ ተመልካቹም ምንም አላየም፣ ፈርሞ ሄደ እንጂ። ይህን ደፋር ሙከራ ብሎ ማሞገስ ተማሪውን መበደል ነው። ብራዚላዊቷ ሊጂያ ክላርክ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራቻቸውን በማጠፊያ የተያያዙ የብረት ሉሖች እናስብ። ተመልካቹ ያጥፋቸዋል፣ ይዘረጋቸዋል፤ ማጠፊያው ግን እምቢ የሚልበት ቦታ አለው። ሥራው እጁን ይመልስለታል። ማርከር የታሰረበት ወረቀት እምቢ ማለት አያውቅም።

ከዚህ የጠለቀ ምሳሌ ለማግኘት ብራዚል ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ጠልሰም አለ፤ በጸሎት ብራና ላይ የሚሣል የፈውስ ሥዕል። የሰሜኑ ቤተ ክህነት ትውፊት እንጂ የካፋ አይደለም፤ ለክርክሩ ግን ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው። ብራናው ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል። የክርስትና ስሙ በቀይ ቀለም ጸሎቱ መሐል ይገባል፤ ብራናው ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀደመው ስም ተፍቆ አዲሱ ይተካል። ዓይኖቹ፣ መረቡ፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ መሰል ቅርጽ ታሪክ አይተርኩም፤ ሥራቸውን የሚሠሩት ሕመምተኛው ሲያያቸው ነው። ረቂቅነቱም የተመልካቹ ድርሻም ከመጀመሪያው አብረው የተቆረጡ ናቸው፤ ተመልካቹ አንዲት መስመር ሳይጭር ሰውነቱ የንድፉ ልኬት ሆኗል።

ረቂቅነት እንዲህ የቆየ የአገር ትውፊት ሆኖ ሳለ፣ ሠዓሊው ገብረክርስቶስ ደስታ ከጀርመኗ ኮሎኝ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን ሲያሳይ ከውጭ የቀዳው ነው ተብሎ ተተቸ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ባስተማረባቸው ጥቂት ዓመታት ከጠልሰም ወደ ዘመናዊ ሸራ የሚወስደውን መንገድ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ግን የወረስነው መልኩን ነው፤ ዓይኑንና ፊደሉን በሸራ ላይ ማስዋቢያ አደረግን፣ ቁመት መለካቱን ረሳነው።

በካፋ ይህ ጉዳይ የሚመለከተው ሠዓሊ የሚሆኑትን ጥቂቶች ብቻ አይደለም። ከቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚወጡት መምህራን በጊምቦ፣ በዴቻ፣ በጨና ልጆችን ያስተምራሉ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙዚቃን፣ ቴአትርን፣ ዳንስንና ሥዕልን በአንድ የትምህርት ዓይነት ሥር አድርጎ በሩን ከፍቶላቸዋል፤ እንቅስቃሴና ዕይታ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊገናኙ ይችላሉ። በተግባር ግን ዘፈኑ ለብቻው ይዘፈናል፣ ሥዕሉ ለብቻው ይሣላል፤ የሚሣለውም ጀበና ነው። የቡና መገኛ መሆን፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ያለባት ከተማ መሆን ለቦንጋ ክብር ነው፤ ለተማሪዋ እጅ ግን ሸክም ሆኗል። ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ቄጤማ፤ ደግሞ ጀበና። አንድ ልጅ ጀበናን ከመቶ ሌላ ጀበና ቀድቶ ሲያመጣ ባህሉን አወቀ ማለት አይደለም። ቡናው የሚበቅልበትን ጥላ አላየም።

የሚያስፈልገው ወጪ ከሰል፣ ላጲስና የጋዜጣ ጥቅል ነው። ልጁ ጥቅሉን በጓደኛው ቁመት ልክ ይቁረጠው። ጓደኛውም በንድፉ ፊት እየተራመደ የቆመበትን፣ ያጎነበሰበትንና የተመለሰበትን ቦታ መምህሩ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርግ፤ ነጥብ ሲሰጥም ወረቀቱንና የጠመኔውን ምልክት አንድ ላይ ይይ። ምልክቶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ከተከመሩ ንድፉ አሁንም «እዚህ ቁም» እያለ ነውና፣ ልጁ ወደ ደኑ ተመልሶ እንደገና ያጥቁር።