ልውውጥን መዳኘት

በተለመደው የፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ሁላችንም ሃላንድን መያዝ እንችላለን። በድራፍት ግን አንድ ተጫዋች በአንድ ሊግ ውስጥ የአንድ ሰው ብቻ ነው። የፈለግነው ተጫዋች በሌላ ሰው እጅ ካለ መደራደር ግድ ይላል። ለዚህ ነው ከሊግ አስተዳዳሪነት ሥራ ሁሉ ልውውጥን ማጽደቅና መሻር የሚከብደኝ።

ልውውጡ ይፋ እንደሆነ «ይሄማ ዓይን ያወጣ ዘረፋ ነው» የሚል አይጠፋም። ተናጋሪው የሚመዝነው ሁለት ስሞችን ነው፤ ዳኛ መመዘን ያለበት ግን ሁለት ቡድኖችን ነው። የጥር 2016 ዓ.ም. መጀመሪያን እናስታውስ። የአፍሪካ ዋንጫ በኮትዲቯር ሊጀመር ነው፤ ሳላህ ለግብፅ ሊሰለፍ ይሄዳል። በድራፍት የሚያዙት አማካዮች 5 ብቻ ናቸው። በደረጃው ግርጌ ያለና ሁለት አማካዮች የተጎዱበት ሰው ሳላህን ሰጥቶ ፎደንን ቢወስድ አጸድቅለታለሁ። እሱ ነጥብ የሚያስፈልገው በዚያው ሳምንት ነው፤ ሳላህን የወሰደው መሪ ደግሞ ወሩን መታገስ ይችላል።

ሳላህ ከጋና ጋር ሲጫወት ተጎዳ፤ ፎደን በዚያው ወር መጨረሻ ብሬንትፎርድ ላይ 3 ጎል አገባ። ይህ ግን ልውውጡን ፍትሐዊ አያደርገውም፤ ተቃራኒው ቢሆንም ኢፍትሐዊ አያደርገውም ነበር። የሚዳኘው በተስማሙበት ቀን የሚታወቀው ነገር ነው።

ስጠራጠር ሁለቱንም ለየብቻ «ለምን ተለዋወጣችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከልቡ የተለዋወጠ ሰው ወሬው ስለ ራሱ ቡድን ነው፤ ማን እንደተጎዳበት፣ የትኛው ሳምንት እንደሚያሰጋው ይዘረዝራል። የተመሳጠረ ሰው ግን ስለ ጓደኛው ችግር ያወራል፤ «እሱ አጥቂ ስለሌለው ነው» ይላል። ለራሱ ምን እንዳገኘ ሲጠየቅ መልስ ያጥረዋል። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመልስልኛል» የሚል ስምምነት ካለበት ወዲያው እሽረዋለሁ፤ ተጫዋች ማዋስ ሁለት ቡድንን አንድ ያደርጋል።

ውሳኔውን ለአባላት ድምፅ መተው ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ድምፅ ሰጪው ተፎካካሪ ነው። መሪው እንዳይጠናከር ብቻ ንጹሕ ልውውጥ ይሻራል። ስለዚህ ዳኛው አንድ ሰው ቢሆን፣ የራሱ ቡድን ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ ለሌላ ቢያስረክብ እመርጣለሁ። የሻረበትንም ምክንያት ለሁሉም በጽሑፍ ያሳውቅ።

መጥፎ ልውውጥ ያደረገ ሰው አልተበደለም፤ በገዛ ግምቱ ተጫውቶ ተሸነፈ እንጂ። የሚበደሉት፣ ሁለት ሰዎች ሲመሳጠሩ ለየብቻቸው የሚለፉት ሌሎች ናቸው። የመሻር ሥልጣን የተሰጠኝ እነሱን ለመጠበቅ ነው፤ ከዚያ ውጪ አልነካውም።